ያልተጻፈው የሦስት ወር መዋጮ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን የጓደኛዬ ልጅ «ጋሼ፣ እድርን ብሎክቼይን ላይ ብናደርገው ማጭበርበር ይቀራል አይደል?» አለኝ። ብሎክቼይን የሚለው፣ ቅጂው በብዙ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ የጋራ መዝገብ ነው። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ የፈጀሁ ሰው ለጊዜው መልስ አጣሁ።

በ1986 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ጎረቤት ነበሩን፤ እትዬ እላቸው ነበር። በደንባችን ሦስት ወር ያሳደረ ይሰረዛል። አንድ ጠዋት ታክሲ ልያዝ ስሮጥ አስቆሙኝና የሦስት ወር ውዝፋቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ካርኒ አልያዝኩም። «ማታ እጽፈዋለሁ» ብዬ ኮቴ ኪስ ከተትኩት፤ በቃ፣ ረሳሁት። በሁለተኛው ሳምንት ባላቸው አረፉ። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው «ተሰርዘዋል» ሲሉ ነው ትዝ ያለኝ፣ እዚያው፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝና «ሳልከፍል ቀርቼ ይሆናል» አሉ። እኔ ዝም። የእድሩ ድንኳን ሳይተከል ቀረ። ማታ ለለቅሶ የመጣሁ መስዬ ከኪሴ ገንዘብ ሰጠኋቸው፤ እጄን ይዘው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ፤ ሰዉም ተበተነ። ያ የእድሩ ትልቅ ብረት ድስት የት እንደገባ እንጃ።

ብሎክቼይኑማ ገብቶኛል። የሒሳብ መዝገብ ገጽ «ከባለፈው ገጽ የዞረ» ብሎ ይጀምር የለ? እያንዳንዱ ብሎክም (የመዝገቡ ገጽ በለው) የቀደመውን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የተሰላ መለያ፣ ይዞ ይመጣል። የድሮውን ብትነካካ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አልገጥም ይላል፤ ቅጂውም በብዙ ሰው እጅ ነው። ገጽ የሚቀድ ዳኛ ይጋለጣል። የኔን ኮት ኪስ ግን አያይም። ስለዚህ ለልጁ «አይጠቅምም» አልኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሐሳቤን ቀየርኩ። ዮርዳኖስ ውስጥ አዝራቅ በሚባለው ካምፕ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ. በብሎክቼይን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ሶርያውያን ስደተኞች ሱቅ ገብተው ዓይናቸውን እያስነበቡ ይሸምቱ ነበር፣ ሒሳቡም ያኔውኑ ይመዘገብ ነበር። መሃል ላይ «ማታ እጽፈዋለሁ» የሚል ጸሐፊ አልነበረም። ጥቅሙ ከብሎክቼይኑ ነው ከዓይን ማንበቢያው? እሱን ተከራከሩኝ።

እናንተ ወጣቶች ግን ቶክን፣ ያንን ብሎክቼይን ላይ የሚሸጥ የሚለወጠውን ዲጂታል ሳንቲም፣ ትወዳላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ካርዳኖ በሚባል ብሎክቼይን ሊያስመዘግብ ነው ሲባል፣ ስለ ተማሪው ያወራኝ ወጣት አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ የካርዳኖ ሳንቲም ዋጋው ስንት ገባ ነበር።

ለልጁ ቅዳሜ እንገናኝ ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፦ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ፣ ማንበብ የማይችሉ እናት ብሩን ከመቀነታቸው ፈተው ሲሰጡህ፣ በዚያው ደቂቃ እጃቸው ላይ ምን ይቀራል?