የሆድ ሕመሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ከሆነ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የ14 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" እያለ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ቢመረመር ታይፎይድም ጨጓራም የለበትም ተባለ። ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው። ሰሞኑን ስልኩን ሳይ፣ የክፍሉ ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን እየለጠፉ ሙድ ይይዙበታል። ስልኩን ልቀማው?

መልስ፦ አይቀሙት፣ እህቴ። ቴሌግራም ቅዳሜና እሁድም ይሠራል፤ ሆዱ የሚያመው ግን ትምህርት ባለበት ቀን ነው። ስለዚህ መነሻው ክፍል ውስጥ ይመስለኛል። ሕመሙም የውሸት አይደለም። ፍርሃት የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዛባል፣ በእርግጥም ያሳምማል።

በኖርዌይ የሠሩት ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ፣ በኢንተርኔት ከሚጠቁ ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤትም የሚጠቁት ራሳቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። ድሮ ልጅ ቤቱ ሲገባ ይገላገል ነበር። አሁን ጠዋት የተጀመረው ማታ በስልክ ይቀጥላል፤ በማግስቱም ፎቶውን ያዩት ሁሉ ክፍል ውስጥ ይጠብቁታል። ስልኩን ቢነጥቁት የተበደለው እሱ፣ የተቀጣውም እሱ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ቢጎዳም አይነግርዎትም። በጣም የምፈራው ይህን ነው።

መጀመሪያ ሳይቆጡ ያዳምጡት። እሱስ በሌላ ልጅ ላይ ለጥፎ ያውቅ እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁት፤ የሚጠቃ ልጅ አንዳንዴ አጥቂም ይሆናል። መልስ አይጻፍላቸው። የተለጠፈውን ሳያጠፋ ስክሪንሾት ያንሳ። ያንን ይዘው የክፍል ኃላፊውን መምህር፣ ካልሆነም ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ። "ከግቢ ውጪ የተደረገ ነው፣ አያገባንም" ካሉዎት፣ ክፍል ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓትና መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርጉት በዝርዝር ያስረዱ። ተቆጥተው የልጆቹ ቤት ድረስ አይሂዱ፤ ሰፈር ለሰፈር ጠብ ከሆነ ዳፋው ለልጅዎ ነው። ማታ ስልኩ ሳሎን እንዲያድር ግን ተስማሙ፤ እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

"ብሞት ይሻለኛል" ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ቀጠሮ አይጠብቁ። ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ድል ጮራ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይውሰዱት። ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሕመሙ ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካዩ ደግሞ ጭንቀት ነው ብለው አይለፉት፤ እንደገና ይመርመር።