ሚዛኑ የማይገባኝን ይናገራል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ዲጂታል ሚዛናችን ከጀርባው ባለ 9 ፒን ሶኬት አለው፤ መመሪያው አርኤስ-232 (ዕቃዎች በሽቦ መረጃ የሚላላኩበት መስፈርት) ይላል። ኪሎውን በደብተር መጻፍ ስለሰለቸኝ የሶኬቱን 2 ቁጥር ከአርዱዪኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) 0 ፒን፣ 5 ቁጥርን ከግራውንድ አገናኘሁ። የመጣልኝ ግን ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነው። አሁን ደግሞ አርዱዪኖው ፕሮግራም አልቀበልም ብሏል። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሚዛኑን ተወው፣ ደህና ነው። መጀመሪያ ሽቦውን ከ0 ንቀልና ፕሮግራሙን እንደገና ጫን። ኡኖ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራውም በዚያችው ፒን ስለሆነ፣ ሚዛኑ መስመሩን ይዞበት ሊሆን ይችላል። ተነቅሎም እምቢ ካለ ግን ቺፑ ሳይሄድ አይቀርም።

ጣጣው ቮልቱ ነው። ለአርዱዪኖ 1 ማለት 5 ቮልት፣ 0 ማለት ዜሮ ቮልት ነው። አርኤስ-232 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ የቴሌታይፕና የሞደም ዘመን ሽማግሌ ነው። እሱ 1 ሲል ከ-5 እስከ -15 ቮልት፣ 0 ሲል ከ+5 እስከ +15 ይልካል። ስለዚህ ሁሉም ተገልብጦ ነው የደረሰህ። ኔጌቲቩ ደግሞ ቺፑን ሊጠብሰው ይችላል።

አይዞህ፣ እኔም በአንድ የክረምት ከሰዓት ሁለት ቦርድ አቃጥያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ውስጥ ቦርድ እጠብሳለሁ። ሁለተኛውን ያቃጠልኩት የመጀመሪያው ፌክ ነው ብዬ ነው።

አሁን ሚዛኑን አብራ። ቴስተርህን ዲሲ 20 ላይ አድርግ። ጥቁሩን ገመድ 5 ቁጥር ላይ ያዝ፣ ቀዩን 2 ላይ፣ ቀጥሎ 3 ላይ አስነካ። -6 ወይም -9 አካባቢ የሚያሳይህ ተናጋሪው ፒን ነው። ዜሮ አካባቢ የሚለው ሰሚው ነው። ሚዛኑ ሳያቋርጥ የሚልክ ከሆነ ቁጥሩ ይዋልላል፣ አትደንግጥ።

ከዚያ ማክስ 232 ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ ግዛ። 5 ቮልት ከአርዱዪኖው ወስዶ፣ በካፓሲተሮቹ ኔጌቲቩን ራሱ ያመነጫል፤ ከሚዛኑ የመጣውንም ገልብጦ በ5 ቮልት ይሰጥሃል። ተናጋሪውን ፒን ወደ ቦርዱ መቀበያ፣ የቦርዱን ውጤት ወደ አርዱዪኖ 8 ፒን ውሰድ፤ ሶፍትዌር ሲሪያል (ከ0 ሌላ በሆነ ፒን መረጃ ለመቀበል የሚያስችል የአርዱዪኖ ኮድ) ተጠቀም። 0ን ለኮምፒውተሩ ተውለት። ግራውንዶቹ ይገናኙ።

አሁንም ዝብርቅርቅ ከሆነ ፍጥነቱ ወይም የቢቱ አደራደር አልገጠመም ይሆናል። ሚዛኑ ሜኑ ውስጥ ፍጥነቱን 9600፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (ስህተት መፈተሻ ቢት) አድርገው። ሶፍትዌር ሲሪያል ባለ 7 ቢቱን አያውቅም።

ግን ልጠይቅህ፦ ደብተሩን ለመተካት ብቻ ከሆነ አርዱዪኖው ምን ያደርጋል? ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ-232 የሚቀይር ገመድ ገዝተህ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ባለ 9 ፒኑን ግን ለይተህ ግዛ። አራት ሽቦ የተንጠለጠለበትን ቲቲኤልም (እንደ አርዱዪኖ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራውን) ባለሱቁ «ሲሪያል ነው» ብሎ ይሸጥልሃል፤ እሱን ከገዛህ ያው ቃጠሎ ነው። የአርኤስ-232 በኩል ያለው ገመድ እስከ 15 ሜትር ድረስ አያስቸግርም። ቢሮው ከዚያ ከራቀ አርኤስ-485 (ለረጅም ርቀት የሚሆን ሌላ መስፈርት) መቀየሪያ አስገባ፤ እሱ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል።

ሜኑ ውስጥ ስትገባ ካሊብሬሽን (የክብደት ልኬቱ ማስተካከያ) የሚለውን እንዳትነካ። ቡና አቅራቢዎቹ መጋዘኑን ይገለብጡብሃል።