የአርጀንቲና ፔሶና የብራዚል ሪያል የቀድሞ ምንዛሪ፦ ከሚለያዩት ቁጥሮች የትኛው ይያዝ?

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ከ1990 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት አንድ የብራዚል ሪያል ስንት የአርጀንቲና ፔሶ ያወጣ እንደነበር የሚያሳይ ሠንጠረዥ እያዘጋጁ መሆንዎን፣ ነገር ግን ለአንድ ዓመት የተሰጡት ቁጥሮች አንዳንዴ እስከ እጥፍ እየተለያዩ እንዳስቸገሩዎት ጽፈዋል። በሁለቱ አገሮች ቅርንጫፍ ባለው ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እነዚህን ገንዘቦች በማመሳከር ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ ከልምዴ ልመልስልዎ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፔሶና ሪያል በቀጥታ እርስ በርስ ብዙም አይገበያዩም፤ የሚጠቀሰው ተመን የሚገኘው በዶላር በኩል ነው። አንድ ዶላር በቦነስ አይረስ የሚያወጣው የፔሶ መጠን፣ በዚያው ቀን በብራዚል ለሚያወጣው የሪያል መጠን ይካፈላል። ስለዚህ ቁጥሮችዎ የተለያዩት አንዱ ስለተሳሳተ ላይሆን ይችላል፤ የተሰሉበት የዶላር ዋጋ የተለያየ ስለሆነ ነው። በብራዚል በኩል የማዕከላዊ ባንኩ ዕለታዊ አማካይ፣ ማለትም ፒታክስ የሚባለው፣ በቂ ነው። ችግሩ ያለው በአርጀንቲና በኩል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀላል ናቸው። አርጀንቲና በኤፕሪል 1991 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ገንዘቧን ከዶላር ጋር አሰረች፤ ከጃንዋሪ 1992 ጀምሮም አንድ ፔሶ አንድ ዶላር ሆነ። ብራዚል ሪያልን ሥራ ላይ ያዋለችው በጁላይ 1, 1994 ነው። በመሆኑም እስከ 2001 መጨረሻ ድረስ የተመኑ ለውጥ ሁሉ የሪያል ለውጥ ነው። በ1994 መጨረሻ ዶላር 0.85 ሪያል ገደማ ስለነበር አንድ ሪያል 1.18 ፔሶ ያህል ያወጣ ነበር፤ በ1998 መጨረሻ ግን ወደ 0.83 ፔሶ ወረደ። በጃንዋሪ 1999 ብራዚል ሪያልን ለገበያ ስትለቀው በሁለት ወር ውስጥ ዶላር ከ2 ሪያል አለፈ፤ ሪያልም ከግማሽ ፔሶ በታች ሆነ። ለጽሑፍዎ ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ወቅት ያለ አይመስለኝም፤ ትልቁ ገበያቸው ብራዚል የነበረችው የአርጀንቲና አምራቾች ፔሶው ከዶላር ጋር እንደታሰረ በመቆየቱ ዕቃቸው በአንድ ጊዜ ተወደደባቸው።

2002ን በዓመታዊ አማካይ እንዳያሳዩ አጥብቄ እመክራለሁ። በ2001 የመጨረሻ ወራት አንድ ሪያል 0.40 ፔሶ እንኳ ያላወጣባቸው ሳምንታት ነበሩ። በጃንዋሪ 2002 አርጀንቲና የአንድ ለአንዱን ሥርዓት ስትተው በመጀመሪያ 1.40 የሆነ መንግሥታዊ ተመንና ነፃ ተመን ጎን ለጎን ሠሩ፤ በፌብሩዋሪ ተዋሐዱና ፔሶው ቁልቁል ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ዶላር በሁለቱም አገሮች ወደ 3.50 የተጠጋ ስለነበር ፔሶና ሪያል እኩል ለመሆን ትንሽ ቀራቸው። አማካዩ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ለዚያ ዓመት በየወሩ መጨረሻ ያለውን ተመን ይጠቀሙ።

እጥፍ የሚሆነው ልዩነት የሚመጣው መንግሥት የዶላር ግዥን ከገደበባቸው ጊዜያት ነው፦ ከ2011 መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 2015፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ እስከ ሠንጠረዥዎ መጨረሻ። በእነዚህ ጊዜያት ከባንኩ ተመን ሌላ «ሰማያዊ ዶላር» የሚባል የጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር። ዲሴምበር 2023ን እንውሰድ። ሪያል በዶላር 5 ገደማ ነበር። መንግሥታዊው ዶላር 366 ፔሶ ስለነበር አንድ ሪያል 73 ፔሶ ያህል ይሆናል፤ ሰማያዊው ግን 1,000 ገደማ ስለነበር አንድ ሪያል 200 ፔሶ ይጠጋል። አዲሱ መንግሥት ዶላሩን 800 ሲያደርገው፣ በብራዚል ምንም ሳይለወጥ፣ መንግሥታዊው ስሌት በአንድ ሌሊት ወደ 160 ዘለለ።

የትኛው ይያዝ ለሚለው መልሱ ጽሑፍዎ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። በባንክ በኩል የሚከፈል የገቢና ወጪ ንግድን የሚያጠኑ ከሆነ መንግሥታዊውን ይያዙ። የሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች ከኦክቶበር 2008 ጀምሮ ነጋዴዎች በየራሳቸው ገንዘብ እንዲከፋፈሉ ያቋቋሙት ሥርዓት አለ፤ ለእርሱ በየቀኑ የሚወጣው የፔሶና የሪያል ተመን፣ ይኸውም በዶላር በኩል የተሰላ ቢሆንም፣ ለንግድ ጥናት ከሁሉ የተሻለው ነው። ስለ ቱሪስቶች ከሆነ የሚጽፉት ግን መንግሥታዊው ተመን ብዙ አይነግርዎትም፤ ሪያሉን በጥሬው ይዞ ቦነስ አይረስ የገባ ብራዚላዊ የሚመነዝረው ፍሎሪዳ ጎዳና ላይ «ካምቢዮ፣ ካምቢዮ» እያሉ በሚጣሩት ሰዎች ዘንድ ነበርና። ሁለቱንም በተለያየ ዓምድ ቢያስቀምጡ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ራሱ መረጃ ይሆንልዎታል።

ከጁላይ 1994 በፊት ያለውን ቢተዉት ይሻላል እላለሁ። አንድ ሪያል የተካው ክሩዜሮ ሪያል የተባለውን የቀድሞ የብራዚል ገንዘብ 2,750 ሲሆን፣ ያም ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት 1,000 ክሩዜሮን የተካ ነው፤ አንድ ፔሶም አውስትራል የተባለውን የቀድሞ የአርጀንቲና ገንዘብ 10,000 ተክቷል። አንዳንድ ድረ ገጾች እነዚህን ዜሮዎች ወደ ኋላ ቆርጠው፣ አንዳንዶቹ ሳይቆርጡ ስለሚያቀርቡ፣ ከ1990 መጀመር የግድ ከሆነ ሁለቱንም ገንዘቦች በየወሩ በዶላር ብቻ ያስቀምጡ።

የበዓላት ቀናትንም ልብ ይበሉ። ሴፕቴምበር 7 ብራዚል ትዘጋለች፣ ጁላይ 9 አርጀንቲና ትዘጋለች፤ የአንዱን ዋጋ ከሌላው የትናንት ዋጋ ጋር አያካፍሉ፣ ሁለቱም የተገበያዩበትን ቀን ይምረጡ። የጥናቱን ርዕስ ቢጽፉልኝ ለየትኛው ዓምድ ቅድሚያ እንደሚሰጡ አብረን እናያለን።