በሮተሪ ሞተር አውሮፕላን ላይ የተርቦ ግፊት፦ ሞላ መቀየር ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ ራሴ በሠራሁት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ላይ የማዝዳ 13ቢ ሮተሪ ሞተር (በፒስተን ፋንታ ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች የሚዞሩበት) ከነአርኤክስ-7 መኪና ተርቦው (በጭስ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚያጭቅ መሣሪያ) ገጥሜያለሁ። የዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ተርቦውን ሳይነካ እንዲወጣ የሚከፈተው በር) ሞላ 6 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ነው። ዴንቨር አጠገብ 6,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ካለው ሜዳ ስነሳ የማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት 36 ኢንች (በሜርኩሪ ከፍታ ሲለካ) ላይ መቆም ሲገባው ብርዳማ ጠዋት 44 ይደርሳል። ላላ ያለ ሞላ ልግጠም? (አንባቢ፣ ከኮሎራዶ)

መልስ፦ አይቸኩሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ለዌስትጌቱ ዲያፍራም (በግፊት ተገፍቶ በሩን በዘንግ ለሚከፍተው ስስ ሽፋን) አየር ይስጡ። ዘንጉ 6 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ መንቀሳቀስ መጀመር አለበት፤ ፓምፑን ሲያቆሙም ግፊቱ መውረድ የለበትም። ከወረደ ዲያፍራሙ ተቀዷል። ዘንጉ ካመነታ ማጠፊያው ዝጓል ወይም በሙቀት ተጣሟል።

ሁሉም ደህና ከሆነ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በሽቦ ይያዙት፤ አውሮፕላኑን በደንብ አስረው ነዳጅ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። በሩ ተበርግዶም ግፊቱ ከ36 ካለፈ ጥፋቱ የዌስትጌቱ ቀዳዳ ጥበት ነው፤ የትኛውም ሞላ አያድነውም። የፕሮፔለርዎ ስለት ማዘንበያ የማይቀየር ከሆነ ግን መሬት ላይ ዙሩ ዝቅ ስለሚል ችግሩ ላይታይ ይችላል።

ሮተሪ ይህን የሚያመጣው የጭስ ቫልቮላ ስለሌለው ነው። የጭሱ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ገና እየነደደ ያለ ጋዝ በኃይል ተርባይኑን (በጭስ የሚዞረውን የተርቦውን ክፍል) ይመታል። የመኪናው ዌስትጌት የተለካው ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ፍጥነት እንጂ ለረጅም መውጣት አይደለም። መፍትሔው የሁለቱ ሮተሮች ጭስ ከተገናኘበት ቦታ፣ ጋዙ በሚሄድበት አቅጣጫ ጋደል ብሎ በሚወጣ ቱቦ ላይ የውጭ ዌስትጌት መበየድ ነው፤ 46 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። በ90 ዲግሪ የተበየደ ቱቦ ጋዙን አይስብም። ቱቦው 321 አይዝጌ ብረት ቢሆን ይመረጣል። ትልቅ የተርባይን ቤት መቀየርም ያግዛል፤ ፕሮፔለር እንደ መኪና በዝቅተኛ ዙር ግፊት አይፈልግም።

እስከዚያው የነዳጅ መስጫውን (ትሮትሉን) ቀነስ አድርገው ከ36 በታች ይብረሩ፤ ግን በድንገት አይዝጉት፤ ተርቦው የገፋው አየር መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይመታል። ኮምፒውተሩ የሚያነበው የግፊት ሴንሰር ባለ1 ባር ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀይሩት። ከ31 ኢንች በላይ ያለውን ስለማያይ ነዳጁ ይሳሳል፣ ድብልቁ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ አፔክስ ሲሉ (የሮተሩን ጫፍ የሚያሽገው ክፍል) ይሰበራል። ባለ2 ወይም ባለ3 ባር ይግጠሙ፤ ግፊት ሲጨምር ከእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላዎች የኋለኛውን ብልጭታም ከፊተኛው ዘግየት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ 16,000 ጫማ ላይ ግፊቱ 28 ብቻ ነው። ጠንካራ ሞላ ላድርግ? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ አያድርጉ። ሞላው የሚያውቀው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ 6 ፒ.ኤስ.አይ. ማለት 12 ኢንች ነው። ሜዳዎ ላይ የውጭው ግፊት 24 ነውና 36 ይሰጥዎታል፤ 16,000 ጫማ ላይ 16 ገደማ ስለሆነ 28 ይሆናል። በሌላ በኩል በዚሁ ሞላ ባሕር ጠረፍ ላይ ቢነሱ 42 ያገኛሉ። የሞላው ጥንካሬ ከጨመረ እዚያ ሞተሩን ይጨርሳሉ ማለት ነው።

16,000 ጫማ ላይ 36 ለማግኘት ኮምፕረሰሩ (አየር የሚያጭቀው የተርቦው ክፍል) አየሩን ከሁለት እጥፍ በላይ ማጨቅ አለበት፤ ሜዳዎ ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃዋል። ይህ የተርቦውን ዙር ከልክ ያሳልፋል፣ አየሩንም ያግላል። በእኛ ግምት ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን ግቡ እስከሚቻለው ከፍታ 30 ኢንች መጠበቅ ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ ለዚያም ፍጹም ግፊትን (ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን) የሚለካ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። በሩ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ከፍታ ላይ ሲደርሱ ግፊቱ በፍጥነትና በዙር ለውጥ ይዋዥቃል፤ ያኔ ጥቂት መቶ ጫማ ዝቅ ይበሉ።