በሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች ውስጥ እውነት የማን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞችና ስለ እውነት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ፊልሞች ስለ እውነት ያለው አመለካከት በእርግጥ ተቀይሯል?

መልስ፦ አዎ። ለማየት የሚቀለው በሁለት ዘመን የተሠራ አንድ ታሪክ ነው። «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ»ን በ1956 ዶን ሲግል፣ በ1978 ፊሊፕ ካውፍማን ሠርተውታል። በሁለቱም ከጠፈር የመጣ ፍጥረት ሰዎች ሲተኙ በአምሳያቸው ይተካቸዋል፤ መልካቸው ያው ነው፣ ስሜት ግን የላቸውም። የ1956ቱ ሐኪም ያየውን ሲናገር እንደ እብድ ይታያል። ሲግል ፊልሙን ሊጨርስ የፈለገው ሰውየው አውራ ጎዳና ላይ የሚሰማው አጥቶ ሲጮህ ነበር። ስቱዲዮው ግን መግቢያና መደምደሚያ አስጨመረበት፤ ሐኪሞቹ ያምኑታል፣ ለኤፍቢአይም (ለአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ይደወላል። ወሬው ትክክለኛው ቢሮ ከደረሰ አገር ይድናል ማለት ነው። በ1978ቱ የሚደወልለት ቢሮ የለም፤ ባለሥልጣኑም ፖሊሱም ተተክቷል። የመጀመሪያው ፊልም መሪ ተዋናይ ኬቪን ማካርቲ እዚህም ብቅ ብሎ መንገድ ላይ እየሮጠ ያስጠነቅቃል፣ ወዲያው ይሞታል። በመጨረሻ ያመንነው ጀግና ራሱ ተተክቶ ጣቱን በገዛ ጓደኛው ላይ ይቀስራል። በሁለቱ ፊልሞች መሐል የቬትናም ጦርነት፣ መንግሥት ስለ ጦርነቱ ሕዝብን ማሳሳቱን ያጋለጡት የፔንታገን ሰነዶች (1971) እና የዋተርጌት የፖለቲካ ቅሌት አልፈዋል፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም በቅሌቱ ምክንያት በ1974 ሥልጣን ለቋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልካቹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እውነቱን የያዘ ሰው ወዴት ይሂድ?

ጥያቄ፦ አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ አልወጡም የሚለው ወሬ የመጣው ከ«ካፕሪኮርን ዋን» ፊልም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ፊልሙ የ1977 ነው፤ ቢል ካይሲንግ የጨረቃውን ጉዞ የሚክድ መጽሐፉን ያወጣው በ1976 ነው። ፊልሙ የነበረውን ጥርጣሬ ምስል ሰጠው፦ የማርስ ጉዞ በስቱዲዮ ሲቀረጽ። የአፖሎ ጠፈርተኞች ግን 382 ኪሎ ያህል ድንጋይና አፈር አምጥተዋል፤ ጨረቃ ላይ የተከሏቸው አንጸባራቂ መስታወቶችም ዛሬ ድረስ ከምድር የሚላክላቸውን ጨረር ይመልሳሉ። መንግሥት ዋሽቶ ያውቃል ማለት፣ የሚለው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ዘ ማትሪክስ» እውነት የሚባል ነገር የለም የሚል ፊልም ነው?

መልስ፦ ብዙዎች እንዲህ ይላሉ፣ እኔ ግን አልስማማም። በ«ዘ ማትሪክስ» ሰዎች ሳያውቁት ኮምፒውተር በፈጠረው የሐሰት ዓለም ይኖራሉ። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣውን፣ ሕይወቱ በሙሉ ሳያውቀው የቴሌቪዥን ትርኢት ስለሆነ ሰው የሚናገረውን «ዘ ትሩማን ሾው»ንም ጨምሩበት፤ ሁለቱም ከግድግዳው ወዲያ እውነተኛ ዓለም አለ ብለው በጽኑ ያምናሉ። የማትሪክሱ እውነት ብርድ፣ ጣዕም የሌለው ምግብና ጦርነት ነው፤ ጀግናው ግን ይመርጠዋል። ጓደኞቹን የሚከዳው ሳይፈር እንኳ የሚበላው ሥጋ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ነው ውሸቱን የሚመርጠው። ጀግናውን ከሐሰቱ ዓለም የምታነቃው የቀይዋ ኪኒን ምሳሌ ዛሬ ያሰኘውን ማመን ለሚፈልግ ሁሉ መፈክር መሆኑ ያሳዝነኛል። በፊልሙ ኪኒኗ የምታሳየው የዋጠው ሰው የተመኘውን አይደለም።

ጥያቄ፦ በ«ኢንሴፕሽን» መጨረሻ እንዝርቷ ትወድቃለች?

መልስ፦ አይታይም። ጀግናው ኮብ ሕልም ውስጥ መሆን አለመሆኑን የሚለየው እንዝርቷን አሽከርክሮ ነው፤ ከወደቀች በእውኑ ዓለም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ልጆቹን አገኘ፣ ጥያቄውንም ተወው።

ጥያቄ፦ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። የዛሬ ፊልሞች ይህን ያምናሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ የ2021ዱ «ዶንት ሉክ አፕ» በግልጽ ይክደዋል። ጅራታም ኮከብ ወደ ምድር እየመጣ ነው፣ ሳይንቲስቶቹ ቀድመው ይናገራሉ። የቴሌቪዥን አቅራቢዎቹ ወሬውን ቀለል አድርገው ያልፉታል፣ ፖለቲከኞቹ ለምርጫ ይጠቀሙበታል። ኮከቡ በዓይን መታየት ሲጀምር እንኳ «ቀና ብላችሁ አትዩ» የሚል ቅስቀሳ ይነሳል። ንጋቱ መጥቷል፣ ሰው ግን አላየሁም ይላል። ዳይሬክተሩ አዳም ማኬይ ያሰበው የአየር ንብረት ለውጥን ነው። ከ1970ዎቹ ፊልሞች ይልቅ ይህ ያስፈራኛል፤ ያኔ ሰሚ ቢታጣም፣ እውነቱ አንዴ ከወጣ ሰው ያምናል የሚል ተስፋ ነበረ።

ጥያቄ፦ አማኝ ነኝ። ለእኔ የሚሆን ፊልም አለ?

መልስ፦ የ1997ቱን «ኮንታክት» ይመልከቱ። ዕድሜዋን ሙሉ ማስረጃ አምጡ ስትል የኖረች ሳይንቲስት፣ ሩቅ ደርሼ መጣሁ ስትል ማስረጃ ታጣለች። ለመርማሪዎቹ አልዋሸችም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠራጠር ነበር ብላ ትመሰክራለች፣ ያየችውን ግን አትክድም። ከውጭ ላዩት ጉዞዋ ቅጽበት ብቻ ነበር፤ ካሜራዋም የቀረጸው ምስል የሌለው ጫጫታ ብቻ ነው፤ የቅጂው ርዝመት ግን 18 ሰዓት ያህል እንደሆነ ባለሥልጣናቱ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ለእሷ አይነግሯትም።