መድረኩ ሞቆ ሳለ ላፕቶፑ ስታክ ሲያደርግ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባንዳችንን ድምፅ ሚክስ የማደርገው በላፕቶፕ ነው። 16 ግብዓት ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና መሣሪያን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) አለን፤ ኪቦርዲስታችን የሚጠቀምባቸው ሳምፕሎችም (ቀድመው የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች) እዚያው ላፕቶፕ ላይ ተጭነዋል። በየተወሰነ ደቂቃው ስክሪኑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ስታክ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ድምፁም ይቆረጣል። ራም ጨምር ተብዬ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከጻፉልን ውስጥ ዋናው ፍንጭ «በየተወሰነ ደቂቃው» ያሉት ነው። አቅም ያነሰው ኮምፒውተር የሚንተባተበው ሥራ ሲበዛበት እንጂ ሰዓት ቆጥሮ አይደለም። ሰዓት ቆጥሮ የሚመጣ ችግር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው አውቶ ሴቭ (ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው ሴቭ ማድረጉ) ነው። ለማረጋገጥ ልምምድ ላይ ሁሉም እየተጫወተ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ይጫኑ። ስክሪኑ እንደዚያው ከቆመ ምክንያቱን አገኙት።

ሚክስ የሚያደርጉበት ፕሮግራም ሴቭ ሲያደርግ እያንዳንዱ ፕለጊን (በላዩ የሚጫን ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያ) ያለበትን ሁኔታ እንዲያስረክበው ይጠይቃል። ኢኪውን ወይም ኮምፕረሰርን የመሰለ ቀላል ፕለጊን የሚያስረክበው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ድምፆቹን ፕሮጀክቱ ውስጥ አብሮ የሚያስቀምጥ ሳምፕለር (ሳምፕሎቹን የሚያጫውት ፕለጊን) ግን በአስር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ሊያስረክብ ይችላል። ይህ ተሰብስቦ እስኪያልቅ መስኮቱ አይታዘዝም። አንዳንዱ ፕለጊን ደግሞ ሁኔታውን እያስረከበ ድምፅ ማስተናገዱን ስለሚያቆም ድምፁ የሚቆረጠው ያኔ ነው። የፕሮጀክቱ ፎልደር ፍላሽ ላይ ወይም ከኢንተርኔት ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ ከሆነ፣ አንቲቫይረሱም አዲስ የተጻፈውን ፋይል ሁሉ የሚፈትሽ ከሆነ፣ ሁለት ሰከንዱ አምስት ይሆናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። ሪፐር የተባለውን የድምፅ መቅጃና ሚክስ ማድረጊያ ፕሮግራም እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «ኦፕሽንስ» ከዚያም «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፕሮጀክት» የሚለው ገጽ ላይ አውቶ ሴቭ በስንት ደቂቃ እንደሚሠራ የሚወስኑበት ቦታ አለ። አጠገቡ ሦስት ምርጫዎች ይታያሉ፦ በማይቀዳበት ጊዜ፣ በቆመበት ጊዜ፣ በማንኛውም ጊዜ። ሰው «በቆመበት ጊዜ» የሚለውን መርጦ ተረጋግቶ ይቀመጣል። በቀጥታ ሚክስ ግን ድምፁ ከማይክ ገብቶ ወደ ስፒከር የሚያልፈው ፕሌይም ሆነ ሪከርድ ሳይጫን ነው። ለፕሮግራሙ እርስዎ የቆሙ ይመስሉታልና ዘፈኑ መሃል ሴቭ ያደርጋል። ስለዚህ ወይ አውቶ ሴቩን ለዝግጅቱ ሰዓት ጨርሰው ያጥፉ፣ ወይ «በማይቀዳበት ጊዜ» የሚለውን መርጠው ዝግጅቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቅዱ። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ 16 ቻናል በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ ሲቀዳ በሰዓት ወደ 8.3 ጊጋባይት ስለሚሆን ለተዳከመ ዲስክ ሌላ ሸክም ነው።

አውቶ ሴቩ ከጠፋ ሴቭ ማድረግ የእርስዎ ሥራ ነው። ሳውንድ ቼክ እንዳለቀና በየእረፍቱ፣ ሁልጊዜም በአዲስ ስም ሴቭ ያድርጉ። የማይነኩ የሳምፕለር ትራኮችን ወደ ዌቭ ፋይል ቀይረው ሳምፕለሩን ከፕሮጀክቱ ያስወግዱት። አንዱ ስታክ ሲያደርግ ሌላው እንዳይወድቅ ለኪቦርዱ ሌላ ላፕቶፕ ማግኘት ከቻሉ ከሁሉም ይሻላል።

ይህን ሁሉ አድርገው ድምፁ አሁንም ከተንጣጣ፣ ነገር ግን ስክሪኑ ደህና ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን እየሰበሰበ የሚያስተናግድበትን ቋት) ይመልከቱ። መጠኑ የሚለካው በሳምፕል ነው፤ እዚህ ላይ ሳምፕል ማለት የድምፁ አንድ ናሙና ነው። በ48 ኪሎኸርትዝ 64 ሳምፕል 1.3 ሚሊሰከንድ፣ 128 ወደ 2.7፣ 256 ደግሞ 5.3 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ይህ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ከ64 ወደ 128 ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። 256 ላይ ግን በጆሮው ሞኒተር የሚሰማ ዘፋኝ የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ይመጣበታል። ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ዊንዶውስ ዩኤስቢን ለኃይል ቁጠባ እንዳያስተኛ በፓወር ቅንብሩ ውስጥ ይከልክሉት።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ዲጂታል ሚክሰር አምልኮ መሃል መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠዋት ያስተካከልነው ግማሹ ጠፍቶ ተነሣ። ሚክሰሩ ራሱ ሴቭ አያደርግም እንዴ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ያደርጋል፤ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) በነኩ ቁጥር ግን አይደለም። ለምሳሌ ኤክስ32 የተባለው ዲጂታል ሚክሰር ያለበትን ሁኔታ በየጊዜው ወደ ውስጥ ማኅደሩ ይጽፋል። መብራቱ በሁለት ጽሕፈት መካከል ከሄደ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ይቀራል። በሰላሙም ቀን ቢሆን ሶኬት ነቅሎ ማጥፋት ያው ነው፤ «ሴትአፕ» ገብተው «ግሎባል» ገጽ ላይ «ሹትዳውን» ብለው ያጥፉት።

በዚህ ራስ ሰር ማኅደር ላይ አይተማመኑ። ሳውንድ ቼክ ሲያልቅ ሥራውን ሲን (የሚክሰሩ ሙሉ ቅንብር ቅጂ) አድርገው ያስቀምጡ። 100 ቦታ አለዎት፤ ያለፈው እሑድ ሲን ላይ ደርበው አይጻፉ። ሲን ማስቀመጥ ድምፁን አይነካም። መልሶ መጥራት ግን ሁሉንም ፌደር በአንድ ጊዜ ስለሚያንቀሳቅስ ምእመናን ተቀምጠው እያለ አይሞክሩት። ከፕሮግራሙ በኋላ ደግሞ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ቅጂ ይውሰዱ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ይግዙ። ትልቁ ኤክስ32 የሚወስደው ወደ 120 ዋት ስለሆነ መካከለኛ ዩፒኤስ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ይይዘዋል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የዋቱን ቁጥር ፈልገው ይግዙ። መድረክ ላይ ያለውን ስቴጅ ቦክስ (ማይኮቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) ከረሱት ሚክሰሩ በርቶ ማይኮቹ ሁሉ ይሞታሉ፤ እሱም ዩፒኤስ ይፈልጋል። አምፕሊፋየርና ሰብ ዉፈር ግን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩም። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማስተሩን ሚዩት ያድርጉ፤ ከፍተው የሚለቁት አምፕሊፋየሮቹ ከተነሡ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሰርግ ላይ በታብሌት ሚክስ ሳደርግ አፑ ደረቀ። ደንግጬ ሚክሰሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሚክሰሩን አለመንካት። እንደ ኤክስ አር 18 ባሉት በታብሌት የሚታዘዙ ሚክሰሮች ድምፁ የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ታብሌቱ ሪሞት ብቻ ነው። ቢሰበርም ድምፁ በነበረበት ይቀጥላል። አፑን ዘግተው ይክፈቱና እንደገና ያገናኙ።

በላፕቶፕ ፕሮግራሙ ሲያገናኙ ግን አቅጣጫ ከጠየቀዎት ይጠንቀቁ። «ከሚክሰር ወደ ኮምፒውተር» ማለት አለብዎት። ተቃራኒውን ከመረጡ ላፕቶፑ ላይ የቀረው የድሮ ቅንብር የሰርጉን ሚክስ ይደመስሰዋል። አብሮ የተሠራው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ስለሚሠራ እንግዳው ሁሉ ስልክ በያዘበት አዳራሽ ይታነቃል። 5 ጊጋኸርትዝ ያለው ራውተር በኔትወርክ ኬብል ከሚክሰሩ ጋር ያገናኙ፤ የሚክሰሩን የኔትወርክ ማብሪያም ወደ ኢተርኔት ያዙሩ።

ጥያቄ፦ ሚክሰሩ ላይ በፍላሽ ስንቀዳ መብራት ሄደ። ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም።
(ከደሴ)

መልስ፦ የዌቭ ፋይል ርዝመቱ በፋይሉ መነሻ ላይ የሚጻፈው ቀረጻው ሲዘጋ ስለሆነ አጫዋቹ ባዶ ይመስለዋል። ፍላሹ ላይ ሌላ ምንም አይቅዱ። የፋይሉ መጠን ትልቅ ሆኖ ከታየ (በ16 ቢት ስቴሪዮ፣ በ48 ኪሎኸርትዝ አንድ ሰዓት ወደ 690 ሜጋባይት ነው) ወደ ኮምፒውተር ኮፒ አድርገው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም «ኢምፖርት» ውስጥ «ሮው ዳታ» በሚለው ይክፈቱት፦ ሳይንድ 16 ቢት፣ ሊትል ኤንዲያን፣ ስቴሪዮ፣ 48000። ሚክሰሩ በ44.1 ይሠራ ከነበረ 44100 ይጻፉ፤ አለዚያ ድምፁ ፈጥኖና ቀጥኖ ይወጣል። መነሻው ላይ የምትሰማውን ትንሽ ቋ የምትል ድምፅ ቆርጠው ይጣሉ። መጠኑ ዜሮ ካለ ኮፒ ማድረግ ምንም አያመጣም፤ ፎቶሬክን በመሰለ የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም ፍላሹን ያስፈትሹ፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።