ጥቁሩ ዱቄት ኦቭን ውስጥ ለምን ቡናማ ሆነ?

ሰላም እህቴ። ከጥያቄሽ እንደተረዳሁት፣ ሁለቱን የብረት ክሎራይዶች (ብረቱ +2 የሆነውን ፌረስና +3 የሆነውን ፌሪክ) በአሞኒያ አዝቅጠሽ ጥቁር ዝቃጭ አግኝተሻል፤ በ100 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አሳድረሽ ስታወጪው ቡናማ ሆኗል፤ ኤክስአርዲው (ክሪስታልን በኤክስሬይ የሚለየው መሣሪያ) «ማግኔታይት» (ፌረስና ፌሪክ ያለው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ብሏል፤ የቴሲስሽ ፈታኝ ደግሞ «በምን አወቅሽ?» ብሎ ይዞሻል። ፈታኙ ልክ ነው። ዱቄትሽ በአብዛኛው ወደ ማግሄማይት (ፌረሱ ወደ ፌሪክ ወደተቀየረበት ቡናማ ኦክሳይድ) ተቀይሯል፤ በተለመደው አነባበብ ኤክስአርዲ ሁለቱን አይለይልሽም። ስለዚህ ከመሠረታዊው ነገር ልለፍና ናሙና የሚያበላሹትን ልንገርሽ።

1. የፌረስ ጨዉን ሳትመዝኚ ቀለሙን እዪው። ጤነኛ ፌረስ ክሎራይድ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ከፊሉ ወደ ፌሪክ ተቀይሯል፤ ሚዛኑ ትክክለኛ ቁጥር ቢያሳይሽም አንድ ፌረስ ለሁለት ፌሪክ የሚለው ጥምርታ ፈርሷል። ክዳኑ ላልቶ ዓመታት የቆመ ጠርሙስ አውጥቶ «ያለው ይኸው ነው» የሚል የኬሚካል መጋዘን ብዙ ነው። የተማሪ ወራት የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ያንገበግባል። እንዲህ ከገጠመሽ የሞር ጨው (አሞኒየም ፌረስ ሰልፌት) ጠይቂ፤ አየርን በጣም የተሻለ ይቋቋማል። ሰልፌት ስላለው ግን እጥበቱ በቤሪየም ክሎራይድ መፈተሽ አለበት።

2. መጠኑ፦ ባለ ስድስት ውሃ ፌሪክ ክሎራይድ 2.70 ግራም (10 ሚሊሞል)፣ ባለ አራት ውሃ ፌረስ ክሎራይድ 0.99 ግራም (5 ሚሊሞል)፤ በሞር ጨው ከሆነ 1.96 ግራም። ውሃው 100 ሚሊሊትር ይሁን። በሙሉ ከተሳካ 1.16 ግራም ማግኔታይት ይወጣል። ደርቆ ከዚህ በላይ ከመዘነ ውሃ ወይም ጨው ይዟል ማለት ነው። ለ15 ሚሊሞል ብረት የሚበቃው 40 ሚሊሞል ሃይድሮክሳይድ ነው፤ 25 በመቶ አሞኒያ 3 ሚሊሊትር ያህል ማለት ነው። አንቺ ግን 10 ሚሊሊትር ተጠቀሚ፤ ፒኤቹ 10 ላይ መቆየት አለበት።

3. ቅደም ተከተሉ ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው። ውሃውን አፍልተሽ ናይትሮጅን እየነፋሽ አቀዝቅዢው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ «100 አልደረሰም» ብለሽ አትጠብቂ። ፌሪኩን መጀመሪያ አሟሚ፣ 30 ደቂቃ ናይትሮጅን ንፊበት፣ ፌረሱን በመጨረሻ ጨምሪ። አሞኒያውን በጠብታ አታንጠባጥቢ፤ በጠንካራ ማማሰል በአንዴ ጨምሪው። በጠብታ ሲሆን ፌሪኩ በዝቅተኛ ፒኤች ብቻውን ቀድሞ ይዘቅጥና ቢጫ ቡናማ ነገር ይቀላቀልብሻል። አሞኒያው እንደገባ የናይትሮጅኑን ቱቦ ከፈሳሹ በላይ ከፍ አድርጊው፤ ውስጥ ከቀረ አሞኒያውን ጠርጎ ያወጣብሻል። ከዚያ በ60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆዪው። ሥራው ሁሉ ጭስ ማውጫ ሥር ይሁን። ማማሰያው በሞተር የሚሽከረከር ዘንግ ይሁን፤ ማግኔቲክ ስተረር ከሆነ ምርትሽን ራሱ ላይ ለቅሞ ይይዘዋል።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዝቃጩ ሲጠቁር «ጨረስኩ» ተብሎ ናይትሮጅኑ ይዘጋል፣ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፣ ኦቭን ውስጥ ያድራል። 10 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት አብዛኛው ለገጽታው ቅርብ ነው፤ ኦክስጅን ፌረሱን ከላይ ጀምሮ እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። በክፍል ሙቀት እንኳ በሳምንታት ውስጥ ይቀየራል፤ በ100 ዲግሪ ማደር ደግሞ ይህንን ወደ አንድ ሌሊት ማሳጠር ነው። በጣም አሙቀሽ ከ400 ዲግሪ በላይ ብትወስጂው ወደ ቀዩ ሄማታይት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማግኔት አይስበውም ማለት ይቻላል። ያንቺው ቡናማ ሆኖ በማግኔት ከተሳበ ማግሄማይት ነው፤ ካልተሳበ ግን መጀመሪያውኑ የዘቀጠው ሌላ የብረት ኦክሳይድ ነው።

ስለዚህ እጥበቱን ኦክስጅን በወጣለት ውሃ አድርጊው፤ ቢከሩን ጠንካራ ኒዮዲሚየም ማግኔት ላይ አስቀምጠሽ ከላይ ያለውን ድፊ፤ ሦስት አራት ጊዜ። ክሎራይድ መቅረቱን በብር ናይትሬት ስትፈትሺ መጀመሪያ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጊበት፤ አሞኒያ ካለ የብር ክሎራይዱን ስለሚያሟማው ክሎራይድ ሳይወጣ የወጣ ይመስልሻል። በመጨረሻ በኤታኖል አጥቢና በቫኪዩም ኦቭን በ40 ዲግሪ አድርቂ። ቫኪዩም ከሌለ ናይትሮጅን እየነፋሽ አድርቂው እንጂ አየር ውስጥ አታሙቂው። ፒኤቹ ወደ 7 ሲቃረብ ቅንጣቶቹ ቻርጃቸውን አጥተው ስለሚጣበቁ፣ ዲኤልኤስ (ፈሳሽ ውስጥ ያለን ቅንጣት መጠን በብርሃን የሚለካው) 300 ናኖሜትር ቢልሽ አትደንግጪ፤ የለካው ጓሉን ነው።

አሁን ወደ ፈታኙ። በኤክስአርዲ፣ በኮፐር ጨረር፣ የማግኔታይት ዋና ጫፎች 30.1፣ 35.5፣ 43.1፣ 57.0 እና 62.6 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ የማግሄማይቱ ከነዚህ በጥቂቱ ብቻ ወደ ቀኝ ይላሉ። የላቲሱ (የሚደጋገመው የክሪስታል ክፍል) ልኬት ማግኔታይት 8.396 አንግስትሮም፣ ማግሄማይት 8.34 ገደማ ነው፤ ጫፉ በናኖ መጠን ሲሰፋ ይህ ልዩነት ይዋጣል። በዚያ ላይ ኮፐር ጨረር ብረትን ራሱ ስለሚያበራ ከጀርባ ብዙ ጫጫታ ያመጣል፤ ኮባልት ጨረር ያለው ማሽን ከተገኘ እሱን ጠይቂ፣ ዋናው ጫፍ 41.4 ላይ ይሆናል። በሼረር ቀመር (ከጫፉ ስፋት የቅንጣቱን መጠን በሚሰጠው) ስታሰዪ ስፋቱን ወደ ራዲያን መቀየር አትርሺ። 35.5 ላይ 0.80 ዲግሪ ስፋት 10.4 ናኖሜትር ይሰጣል፤ በዲግሪ ብታስገቢው ግን 0.18 ይወጣል፣ ይህም ከአንድ የክሪስታል ክፍል ያነሰ ነው።

ሞስባወር የሚባለው፣ ፌረስና ፌሪክን በጋማ ጨረር የሚለየው መሣሪያ ጥያቄውን ይፈታዋል፤ በእጅሽ ከሌለ ግን የሚከተለውን ሥሪ። ከዱቄቱ 20 ሚሊግራም በናይትሮጅን ሥር በ5 ሚሊሊትር 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሚ፣ እስከ 100 ሚሊሊትር ሙዪ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ 1 ሚሊሊትር ውሰጂ። አንዱን በአሴቴት በፈር ፒኤቹን 4 ገደማ አድርገሽ ፌናንትሮሊን (ከፌረስ ጋር ብርቱካናማ ቀይ የሚሆን) ጨምሪበት፤ ሌላውን መጀመሪያ በሃይድሮክሲልአሚን ቀንሺ (ሪዲውስ አድርጊ፣ ፌሪኩ ሁሉ ፌረስ ይሁን)፣ ከዚያ ያንኑ አድርጊ። ሁለቱንም እስከ 50 ሚሊሊትር ሙዪና 510 ናኖሜትር ላይ አንብቢ። የመጀመሪያው ፌረሱን፣ ሁለተኛው ጠቅላላ ብረቱን ይነግርሻል። የፌረስ ለጠቅላላ ብረት ጥምርታው ለንጹህ ማግኔታይት 0.33፣ ለማግሄማይት ዜሮ ነው። የመጀመሪያውን ቶሎ አንብቢ፣ ብርሃን ላይም አታቆዪው፤ ፌሪኩ እየተቀነሰ ቁጥሩን ያሳድግብሻል። በየትኛውም ኬሚስትሪ ክፍል ባለ ዩቪ-ቪስ (የመፍትሔ ቀለም በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) የሚሠራ ስለሆነ፣ «መሣሪያ የለም» የሚለውን ምክንያት እኔ አልቀበልም።

ቪኤስኤም (የማግኔትነት መጠን መለኪያ) ካስለካሽ፣ ናኖ ያልሆነው ትልቁ ማግኔታይት በግራም 92 ኢኤምዩ (የማግኔትነት መለኪያ አሃድ) ነው፤ ናኖው ከ50 እስከ 70 ቢያሳይ የተለመደ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ማግኔታይት መሆኑን አያረጋግጥም፣ ማግሄማይትም እዚያው አካባቢ ነው።

የደረቀውን ቡናማ አትጣዪው፤ ፌረሱን ለክተሽ ዝቅ ካለ ቴሲስሽ ላይ «ማግሄማይት» ብለሽ ጻፊው፣ ውሃ ለማጣራት ያው ይሠራልሻል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ዝቃጩን በሙሉ አታድርቂ፦ ግማሹን ኦክስጅን በወጣለት ኤታኖል ውስጥ በጥብቅ በተከደነ ቫያል አስቀምጪ፣ ልኬት ባለሽ ቀን ጠዋት የሚበቃሽን ብቻ አድርቂ።